ከደረሱ በኋላ ስላሉት ወራት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ለሥራ ወደ ውጭ አገር ስለሚሄዱ ሰዎች በተከታታይ ያወጣችኋቸውን ጽሑፎች አንድም ሳላስቀር አንብቤአቸዋለሁ። የቪዛ ማመልከቻ እንዴት እንደሚሞላ፣ የትምህርት ማስረጃ በማን በማን እንደሚረጋገጥ፣ ከጉዞ በፊት የትኞቹ ክትባቶች እንደሚያስፈልጉ በጥንቃቄ ተዘርዝሮአል፤ ለዚህም ጸሐፊዎቹ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ጽሑፎቹ ሁሉ መንገደኛውን እስከ አውሮፕላኑ ድረስ ሸኝተው ይመለሳሉ። እኔ በሰው አገር ሆስፒታል ውስጥ በነርስነት ማገልገል ከጀመርሁ 11 ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ብዙ አዳዲስ ባልደረቦችን ተቀብዬ ሥራ አስለምጃለሁ። ቪዛና ሻንጣ ያቃተው ሰው ከመካከላቸው አላጋጠመኝም፤ ብዙዎቹ የተንገዳገዱት ደርሰው፣ ሥራ ጀምረው፣ የመጀመሪያው ደስታ ከበረደ በኋላ ባሉት ወራት ነው። እነዚያ ወራት እንደሚመጡ አስቀድሞ የሚታወቅ ስለሆነ፣ ሠራተኛውም ቀጣሪውም ቤተሰቡም ልክ ለጉዞው እንደሚዘጋጁት ሁሉ ሊዘጋጁላቸው ይገባል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚሁ አንድ ጉዳይ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ከመሄዴ በፊት የቋንቋ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፌ ነበር። የሰውነት ክፍሎችን፣ የበሽታዎችንና የመድኃኒቶችን ስም በዚያ አገር ቋንቋ በቃሌ ይዤ ስለ ነበር በዚህ በኩል ስጋት አልነበረብኝም። ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ምሽት፣ ፈረቃዋን የጨረሰች ነርስ ከአልጋ አልጋ እየወሰደች ታማሚዎቹን ታስረክበኝ ጀመር። አራተኛው አልጋ ዘንድ ስንደርስ፣ እግራቸውን ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን አንድ አዛውንት እያመለከተች፣ «ምናልባት ጊዜ ካገኘሽ ፋሻውን አንድ ጊዜ ብታይው ጥሩ ነበር» አለችኝ። እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል። «ጊዜ ካገኘሽ» ስላለችኝም ጊዜ እስካገኝ አቆየሁት። ሌሊቱ ሥራ የበዛበት ሆነና ተመልሼ የሄድሁት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። ፋሻው ርሶ፣ አንሶላው ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው እርጥበት ወጥቶ አገኘሁት። አዛውንቱን ለክፉ አልሰጣቸውም፤ ቁስሉ ታጥቦ በአዲስ ፋሻ ታሰረ፣ ሐኪሙም መጥቶ አየው። ጠዋት ግን የክፍሉ ኃላፊ አስጠርታኝ «ተነግሮሽ ነበር፤ ለምን ሳታደርጊው ቀረሽ?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። በእነርሱ አነጋገር «ብታይው ጥሩ ነበር» ማለት «አሁኑኑ እዪው» ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

በማግስቱ በኪስ የምትያዝ ትንሽ ደብተር ገዛሁ። በግራ ገጿ ላይ የተባልሁትን ቃል በቃል፣ በቀኝ ገጿ ላይ ደግሞ ነገሩ ምን ማለት ሆኖ እንደተገኘ እጽፍባት ጀመር። «ደስ የሚል ሐሳብ ነው» የሚለው በስተቀኝ «አልተስማሙበትም» ሆነ፤ «አንድ ቀን እንገናኛለን» የሚለው «ቀጠሮ አይደለም»፤ «ትንሽ አሳስቦኛል» የሚለው ደግሞ «በጣም ተቆጥተዋል»። በሦስት ወር ውስጥ 40 ገጽ ሞላሁ። አዲስ የመጣ ባልደረባ ሲሰጠኝ አስቀድሜ የማሳየው እስከ ዛሬም ይህችኑ ደብተር ነው።

የቋንቋ ፈተና የሚለካው ሰው የተነገረውን ቃል መረዳቱን እንጂ የተናጋሪውን ፈቃድ መረዳቱን አይደለም። እንዲያውም በሥራ ቦታ ትልቁ አደጋ ያለው ሰው ቋንቋውን አቀላጥፎ ሲናገር ነው እላለሁ። ቋንቋ የማያውቅን ሰው ሰዎች ቀስ ብለው ያነጋግሩታል፣ ደግመውም ያስረዱታል፤ አቀላጥፎ የሚናገረውን ግን ሁሉ ነገር የገባው ስለሚመስላቸው ምንም አያብራሩለትም፣ ሲሳሳትም ቸልተኛ ነው ብለው ይደመድማሉ። ስለዚህ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊለምደው የሚገባ አንድ ልማድ ቢኖር፣ የታዘዘውን በራሱ አነጋገር መልሶ መናገርና «እንዲህ ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። በሕክምና ሙያ ይህ ለማንኛውም ሠራተኛ የሚመከር የጥንቃቄ ሥርዓት ስለሆነ ማንም አያፍርበትም፤ በሌላውም ሙያ ሊያሳፍር አይገባም።

ማፈር ካነሣሁ ዘንድ ብዙም ስለማይወራለት ስለ አንድ ሌላ ነገር ልናገር። ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሙያው የተከበረ ነው። በነበረበት መሥሪያ ቤት ሌሎች መጥተው ያማክሩት ነበር፤ የት ምን እንዳለ፣ ለማን ምን እንደሚባል ያውቅ ነበር። እዚያ ሲደርስ ግን ማተሚያ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ፣ የምሳ ሰዓት ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ አለቃውን በስም ይጥራ ወይስ በማዕረግ፣ ይህን ሁሉ በዕድሜ ከእርሱ የሚያንሱትን እየተከተለ ይጠይቃል። የዓመታት እውቀቱ አብሮት ቢመጣም ማንም አላየለትም። እኔ እንደታዘብሁት ሰውን ከሥራው ክብደት ይበልጥ የሚያደክመው ይህ ነው፤ ከዚህ የተነሣም አንዳንዱ ጭራሽ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ «በእኛ ዘንድ እንዲህ አይደረግም» በማለት ቀኑን ያሳልፋል። ሁለቱንም ሆኜ አይቻቸዋለሁ። የረዳኝ በሙያዬ እርግጠኛ የሆንሁበትን አንድ ነገር መርጬ እርሱን በደንብ ማሳየቴ ነው፤ በእኔ በኩል ይህ ደም ሥር ማግኘት ነበር። ባልደረቦቼ ደም ሥሩ እምቢ ያላቸው ታማሚ ሲያጋጥማቸው ይጠሩኝ ጀመር፤ ከዚያ ወዲያ እኔም ስለ ማሽኑ መጠየቅ አላስቸገረኝም።

ስለ ወረቀት ነገር በአጭሩ ላልፍ እችላለሁ፤ ምክንያቱም በጽሑፎቻችሁ ከሞላ ጎደል ተነግሮአል። የምጨምረው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ ቀለበት መጀመሪያቸው የማይታወቅ መሆኑን ብቻ ነው፤ ባንኩ የመኖሪያ አድራሻ ይጠይቃል፣ አከራዩ የባንክ ሒሳብና የደመወዝ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ቀጣሪው ደመወዝ ለመክፈል የባንኩን ቁጥር ይጠይቃል። ይህን ቀለበት ከውጭ ሆኖ ሊሰብረው የሚችለው ቀጣሪው ስለሆነ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያገለግል ማረፊያና ለባንኩ የሚቀርብ ደብዳቤ ከመሄድ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። የልደት፣ የጋብቻና የሥራ ልምድ ማስረጃዎችን በተመለከተም፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በሄግ የተፈረመው ስምምነት አባል የሆኑ አገሮች አፖስቲል የሚባለውን አንድ ማኅተም ተቀብለው ሌላ ማረጋገጫ ስለማይጠይቁ፣ መነሻውም መድረሻውም አገር አባል መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ብዙ ምልልስ ያስቀራል። ደርሶ ከሩቅ ሆኖ ማረጋገጫ ማስመጣት ወራት ይፈጃል።

ደብዳቤዎችን ግን ሳላነሣ አላልፍም። በደረስሁ በሁለተኛው ወር ከጤና መድን ድርጅቱ አንድ ፖስታ መጣልኝ። ድካም ላይ ነበርሁ፤ በጨረፍታ ሳየው ማስታወቂያ መሰለኝና ከሌሎች ወረቀቶች ጋር አስቀመጥሁት። ቅጽ ሞልቼ በ14 ቀን ውስጥ እንድመልስ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነበር። ቀኑ ካለፈ በኋላ ሁለተኛው ደብዳቤ ከነቅጣቱ ሲመጣ ያለቀስሁት ለገንዘቡ ብዬ አልነበረም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ስሜ የተጻፈ ወረቀት ምን እንደሚልብኝ ማወቅ አለመቻሌ ነው ሆዴን ያባባው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ፖስታ በመጣበት ዕለት እከፍታለሁ፣ ያልገባኝንም በማግስቱ ለሰው አስነብባለሁ። አዲስ ለሚመጡትም ይህንኑ አጥብቄ እነግራለሁ።

ከዚያም አራተኛው ወር መጣ። ሥራውን ለምጄው ነበር፤ መንገዱንም አውቀው ነበር፤ ቤትም አግኝቼ ነበር። ከውጭ ለሚያየኝ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል። እኔ ግን በትንሹም በትልቁም መናደድ ጀመርሁ፤ የአውቶቡሱ ሁለት ደቂቃ መዘግየት፣ የጎረቤቴ በር ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ፣ የባልደረቦቼ ሳቅ ሳይቀር ያስከፋኝ ነበር። ከሥራ ስወጣ ከምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ወደ ቤት እደውል ነበር፤ እዚያ የሚያልፍ ሰው ስለሌለ ነው የመረጥሁት። እናቴ «ድምፅሽ ምነው ልጄ?» አለችኝ። «ጉንፋን ነው እማዬ» አልኋት። በሚቀጥለውም ሳምንት ያንኑ አልኋት። እርሷም ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተወችው፤ እንዳወቀችብኝ የነገረችኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

በዚያን ጊዜ የማላውቀው ነገር፣ የሆንሁት ሁሉ አስቀድሞ ተጽፎ የነበረ መሆኑን ነው። ከፊንላንዳውያን ወላጆች በካናዳ የተወለደው አንትሮፖሎጂስት ካሌርቮ ኦበርግ እ.ኤ.አ. በ1954 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ባደረገውና በ1960 ታትሞ በወጣው ንግግሩ፣ የባህል ድንጋጤ የሚባለውን ሁኔታ እንደ አንድ ሕመም ምልክቶቹን ዘርዝሮ አስረድቶአል። በጥቃቅን መዘግየቶች በኃይል መቆጣት፣ ፈዞ ሩቅ መመልከት፣ ስለ ንጽሕና ከመጠን በላይ መጨነቅ፣ ወደ ቤት የመመለስ ብርቱ ናፍቆት ከጠቀሳቸው መካከል ናቸው። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ ሰው በዕለት ኑሮው ሳያስብባቸው የሚመራባቸው ጥቃቅን ምልክቶች፣ ማለትም መቼ እጅ እንደሚጨበጥ፣ ግብዣ መቼ እሺ መቼ እምቢ እንደሚባል፣ ሰው ከልቡ የሚናገረው መቼ እንደሆነ የሚያስታውቁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጠፉበት ጭንቀት ይይዘዋል ብሎአል። አዲሱን ቦታ በመማረክ የሚጀምረው ጊዜ አልፎ ምሬት፣ ከምሬትም በኋላ ቀስ በቀስ መልመድ እንደሚከተል የገለጸውም እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ ኖርዌያዊው የሶሲዮሎጂ ባለሙያ ስቬሬ ሊስጎርድ ፉልብራይት በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ድጋፍ አሜሪካ ቆይተው የተመለሱ 200 ኖርዌያውያንን ጠይቆ፣ ከ6 ወር በታች የቆዩትና ከ18 ወር በላይ የቆዩት ደኅና ተላምደው ሲገኙ፣ በ6 እና በ18 ወር መካከል የቆዩት ግን ከሁለቱም ይልቅ እንደተቸገሩ አሳይቶአል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ጥናቶች ይህ መጀመሪያውና መጨረሻው ደኅና፣ መካከሉ ግን ጎድጓዳ የሆነ አካሄድ ለሁሉም ሰው እንደማይሠራ፣ ለአንዳንዱ ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ሰሞን እንደሆነ ስላረጋገጡ፣ ማንም ሰው የቀን መቁጠሪያ ይዞ ሐዘኑን እንዲጠብቅ አልመክርም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። እኔ እነዚህን ጽሑፎች ያነበብሁት በሁለተኛው ዓመቴ ነበር። በአራተኛው ወር አንብቤአቸው ቢሆን ኖሮ፣ የሆንሁትን የራሴ ድክመት ነው ብዬ ከእናቴ ባልደበቅሁት ነበር። ብዙ ሰው ሥራውን ጥሎ የሚመለሰው፣ ወይም ሳይመለስ ልቡ ተሰብሮ የሚቀረው፣ ያለበት ሁኔታ የሚያልፍ መሆኑን የሚነግረው ሰው በማጣቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንደ ጤና ባለሙያ አንድ ነገር ለይቼ መናገር አለብኝ። ናፍቆትና ብስጭት የሚጠበቁ ናቸው፤ ሆኖም አንድ ሰው ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ልቡ ከከበደው፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ካጣ፣ ይወደው በነበረው ነገር ሁሉ ደስታ ካላገኘ፣ ይልቁንም መኖርን ከጠላ፣ ይህ አገር የመልመድ ነገር ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። የመኖሪያ ፈቃዴን ያሳጣኛል በሚል ፍርሃት ሕመማቸውን የደበቁ ሰዎችን አውቃለሁ፤ መደበቃቸው ግን ሕመሙን አባብሶ ለሥራቸውም ዳፋ ሆነባቸው።

እኔን ያወጣኝ አንድ ወንበር ነው። ከምኖርበት ብዙም በማይርቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የአገሩን ቋንቋ የሚለማመዱ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰቡ ነበር። መጀመሪያ የሄድሁት ቋንቋ ለማሻሻል ነበር። በስተመስኮት በኩል ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው። በጠረጴዛው ራስ የሚቀመጡ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ፤ ሌላ ሰው እዚያች ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል «ባለቤት አላት» ይሉ ነበር። በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ሳምንት ታምሜ ቀረሁ። እሑድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ እርሳቸው ነበሩ፤ «ወንበርሽ ባዶ ነበረች፤ ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ። በዚያ አገር ከሥራ ጉዳይ ውጭ ማንም ሰው ሲደውልልኝ የመጀመሪያው ነበር። ስለዚህ አዲስ መጪዎችን ሁሉ የማሳስበው፣ ከሥራና ከመኝታ ቤት ሌላ፣ በቋሚ ቀንና ሰዓት የሚሄዱበት፣ ቢቀሩ የሚጠየቁበት አንድ ቦታ እንዲያገኙ ነው። መዘምራን ይሁን፣ የስፖርት ቡድን ይሁን፣ የእምነት ጉባኤ ይሁን፣ ለውጥ የለውም። የአገር ልጆችም በክፉ ቀን የመጀመሪያ ደራሾች ናቸውና ሊርቋቸው አይገባም። ሆኖም ሳምንቱን ሁሉ ከእነርሱ ጋር ብቻ የሚያሳልፍ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላም አገሩን በሰው ወሬ ብቻ እንደሚያውቀው አይቻለሁ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

በውጭ ስለሚገኝ ገንዘብ ብዙ ተጽፎአል፤ እኔ የምናገረው ስለ አንድ ስሕተት ብቻ ነው። ሰው ሥራ በጀመረ ሰሞን ደመወዙን በአገሩ ገንዘብ መንዝሮ ያይና ለቤተሰቡ በየወሩ ይህን ያህል እልካለሁ ብሎ ቃል ይገባል። የቤት ኪራይ መያዣ፣ ከደመወዝ ላይ አስቀድሞ የሚቆረጠው ግብርና መድን፣ በክረምት የሚጨምረው የማሞቂያ ክፍያ ገና አልደረሱበትም። ሲደርሱ ግን ቆመው የሰቀሉትን ተቀምጠው ማውረድ ይቸግራል፤ ቤተሰቡ በተነገረው መጠን ኑሮውን አስተካክሎአልና። ቢያንስ እስከ ስድስተኛው ወር ቋሚ መጠን አለመቁረጥ፣ ምክንያቱንም ለቤተሰብ በግልጽ ማስረዳት ከብዙ ቅያሜ ያድናል። በሐዋላ ላይ የሚከፈለው አገልግሎት ዋጋም ቀላል አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት በዘላቂ ልማት ግቦቹ ውስጥ ይህን ዋጋ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ3 በመቶ በታች ለማውረድ ግብ ቢያስቀምጥም፣ በብዙ መስመሮች አሁንም ከዚያ በላይ ይከፈላል። ከአገልግሎት ክፍያው ሌላ በምንዛሬው ውስጥ የሚደበቅ ተቆራጭ ስላለ፣ መመዘን ያለበት ላኪው ከከፈለው ተነሥቶ ተቀባዩ እጅ የሚገባው ገንዘብ ነው።

ቤተሰቡን ይዞ ለሚሄድ ሰው ሌላ ሸክም አለ። ተቀጣሪው ቢያንስ ጠዋት ተነሥቶ የሚሄድበት ሥራና ስሙን የሚያውቁ ሰዎች አሉት፤ አብሮት የመጣው ባለቤቱ ግን በብዙ አገሮች የሥራ ፈቃድ እስኪያገኝ ወይም እስክታገኝ ድረስ ከአራት ግድግዳ ጋር ይቀራል፤ ልጆቹ ደግሞ ቋንቋውን ከሁሉ ቀድመው ይይዛሉ። እኔ በምሠራበት ሆስፒታል አንዲት እናት በሆድ ሕመም መጥታ፣ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት የሚሆናት ልጇ አስተርጓሚ ሆና ቆማ አይቻለሁ። ሐኪሙ ስለ ፅንስ መቋረጥ ሲጠይቅ ልጅቱ ቃሉን ስላላወቀችው ዝም አለች፤ ከዚያም ወደ እናቷ ዞራ «ስለ ሆድሽ ነው የሚጠይቅሽ» አለቻት። ሐኪሙን አስቁሜ በስልክ የሚሠራ አስተርጓሚ እንዲጠራ አደረግሁ። በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች ለታማሚ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ያቀርባሉ፤ ግን የሚያቀርቡት ለጠየቀ ስለሆነ መጠየቅን ማወቅ ያስፈልጋል። ልጅ የወላጁን ምሥጢርና ፍርሃት በአፉ እንዲሸከም መደረግ የለበትም።

አሁን ወደ ቀጣሪዎች ልመለስ፤ እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ የሠራተኛው ጥረት ብቻ እንዳይመስል እሰጋለሁና። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2022 ከተወለዱበት አገር ውጭ በሥራ ገበያ ውስጥ የነበሩ ፍልሰተኞች 167.7 ሚሊዮን ነበሩ። ይህን ያህል ሕዝብ በየግሉ፣ በጨለማ እየዳሰሰ፣ ያንኑ ስሕተት ከመጀመሪያው እንዲደግም መተው ተገቢ አይደለም። በእኔ ሙያ የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 2010 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የጤና ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ምልመላ ደንብ ላይ፣ ከውጭ የሚመጡ ባለሙያዎች በመድረሻው አገር የጤና ሥርዓት ውስጥ በአስተማማኝ ሁኔታ እንዲሠሩ የሚያስችል ተገቢ የማስለመጃ ሥልጠና ሊሰጣቸው እንደሚገባ ተጽፎአል። ደንቡ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ማንንም አያስገድድም፤ ሆኖም አንድ ሠራተኛ ይህን ጠቅሶ ሲጠይቅ ልመና እንዳልሆነ ያውቃል። እኔ የተቀጠርሁበት ተቋም የአንድ ወር ማስለመጃ እንደሚሰጠኝ በቃል ነግሮኝ ነበር። የተሰጠኝ ሦስት ቀን ነው፤ በውሉ ላይ ስላልተጻፈ የምከራከርበት አልነበረኝም። የአዛውንቱ ፋሻ የረሰበት ሌሊት ያ ወር ቢሰጠኝ ኖሮ ብቻዬን ባልቆምሁበት ነበር።

ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት ከደመወዙ ሌላ የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። ከነባር ሠራተኛ ጋር አብሮ የሚሠራበት ጊዜ ስንት ሳምንት ነው? በሙከራው ጊዜ ውስጥ ሥራው ቢቋረጥ የመመለሻውን ትኬት ማን ይከፍላል? የመኖሪያ ፈቃዱ ከዚህ ቀጣሪ ጋር ብቻ የተያያዘ ነው ወይ፣ ከሆነስ ሥራው ካበቃ በኋላ ሌላ ለመፈለግ ስንት ቀን ይፈቀዳል? የዚህ የመጨረሻው ጥያቄ መልስ በየአገሩ ይለያያል፤ ሰው በአለቃው ፊት ቀና ብሎ መናገር መቻል አለመቻሉ ግን በእርሱ ይወሰናል። ፓስፖርትን በተመለከተ የማያሻማ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውና በ2003 ሥራ ላይ የዋለው የፍልሰተኛ ሠራተኞችና የቤተሰቦቻቸው መብት ስምምነት በ21ኛው አንቀጹ፣ በሕግ ሥልጣን ከተሰጠው የመንግሥት ሠራተኛ በቀር ማንም ሰው የሌላውን መታወቂያ ሰነድ መንጠቅ እንደማይችል ይደነግጋል። ብዙዎቹ ሠራተኛ ተቀባይ የሆኑ ሀብታም አገሮች ይህን ስምምነት አለማጽደቃቸው ያሳዝናል፤ ቢሆንም ሰነድ መያዝን የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከግዴታ ሥራ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ይቈጥረዋል። የድርጅቱ የ1997 እ.ኤ.አ. ስምምነት ቁጥር 181ም የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች በመርህ ደረጃ ከሠራተኛው ምንም ዓይነት ክፍያ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ገንዘብ አስቀድሞ የሚጠይቅ ደላላ ሲያጋጥም ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

ጡረታን የሚያስብ ወጣት ስለማይገኝ አጭር ማሳሰቢያ ልጨምር። በጀርመን የእርጅና ጡረታ ለማግኘት በትንሹ የ5 ዓመት፣ በአሜሪካ ደግሞ በተለመደው አቆጣጠር የ10 ዓመት መዋጮ ያስፈልጋል። አገሮች የአንዱን ዘመን ከሌላው ጋር የሚደምሩት በመካከላቸው ስምምነት ካለ ብቻ ነው። የደመወዝ ወረቀቶችን ሁሉ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በአንድ ማኅደር ማስቀመጥ ምንም አያስከፍልም።

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ጥያቄዬ ይህ ነው። በጋዜጣችሁ ላይ በወር አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን፣ ከደረሱ በኋላ ስላሉት ወራት የሚጽፉበት ቦታ ክፈቱልን። ተሳክቶላቸው ፎቶግራፍ የሚልኩት ብቻ ሳይሆኑ፣ ገና በአራተኛው ወር ላይ ያሉት፣ ሞክረው የተመለሱትም ይጻፉበት። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ከተመለሱ በኋላ በገዛ አገራቸው እንግድነት እንደሚሰማቸው አውቃለሁና የሚናገሩበት ቦታ ቢያገኙ እነርሱም ይጠቀማሉ። ቤተሰቦችም ያንብቡት፤ ያን ጊዜ «ድምፅሽ ምነው?» የምትል እናት መልሱን አስቀድማ ታውቃለች፣ ልጇም ጉንፋን ነው ማለት አያስፈልጋትም።

እኔም ለመጀመሪያው ዕትም የሚሆን ነገር አለኝ። የዚያች ደብተር የመጀመሪያዎቹን 40 ገጾች በአማርኛ በንጹሕ ገልብጬ ጨርሻለሁ። የታማሚዎችንና የባልደረቦቼን ማንነት የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥቻለሁ፤ የግራውና የቀኙ ገጽ ግን እንደ ነበሩ ናቸው። ፈቃዳችሁ ከሆነ በሚቀጥለው ፖስታ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

በውጭ አገር የምትሠራ ነርስ፣ የዘወትር አንባቢያችሁ